የወጋ ቢረሳ
(ባለፈው እትም ስለ ባትልሺፕ ኒው ጀርሲ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ኒው ጀርሲ ስለተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ አራት ገጽ ሙሉ ጽፎ አስነብቦናል። እኔም አነበብኩት፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም ተቀባብለው አነበቡት። አንደኛው ሲጨርስ «ወይ መርከብ!» አለ። ሁለተኛው «እንዲህ ያለች አንዲት እንኳ ብትኖረን» ብሎ ተመኘ። ሦስተኛው ምንም አላለም፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ይህን መልስ የምጽፈው ምንም ባላለው ልጅ ምክንያት ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ የወንድሜን ድካም አልክድም። ቁጥሩን ለቃቅሟል፣ ዘመኑን አስተካክሏል፣ ቋንቋውም ያምራል። ጠቤ ከቁጥሮቹ ጋር አይደለም። ጠቤ ምን ተቆጠረ፣ ምንስ ሳይቆጠር ቀረ በሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው የመድፍን ታሪክ ጽፎ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ሲነግረኝ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ ካልነገረኝ ታሪክ አጎደለ አልለውም። ታሪክ ደበቀ እለዋለሁ።

ላላነበበው አንባቢ የመርከቢቱን ነገር በአጭሩ ልድገመው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኒው ጀርሲ የተሠራችው ፊላደልፊያ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1942፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ልክ በዓመቱ፣ ውሃ ገባች። በሜይ 1943 አገልግሎት ጀመረች። ሦስት ሦስት ሆነው የተተከሉ 9 ትላልቅ መድፎች አሏት፤ የአፋቸው ስፋት 16 ኢንች ነው። የጠላት መርከብን ብረት ለመብሳት የሚተኮሰው ጥይት ከ12 ኩንታል በላይ ይመዝናል። በየብስ ላይ እንዲፈነዳ የሚተኮሰው ደግሞ ስምንት ኩንታል ተኩል ይሆናል። እስከ 38 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚህ ስድስት ኪሎ ተጠምዶ ዱከም አካባቢ ያርፋል ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚተኩሰው ሰው የሚተኮስበትን ሰው አያየውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአድሚራል ስፕሩዋንስና የአድሚራል ሃልሲ ሰንደቅ ዓላማ ተውለብልቦባት ፓስፊክን አካለለች። ሳይፓንን፣ ቲንያንን፣ ኦኪናዋን ደበደበች። ዋና ሥራዋ ግን አውሮፕላን ተሸካሚዎችን ከአየር ጥቃት መጠበቅ ስለነበረ፣ በዚያ ሁሉ ጦርነት ከትላልቆቹ መድፎቿ የወጣው ጥይት 771 ብቻ ነው። ባትልሺፕ የተፈጠረችው ከባትልሺፕ ጋር ልትዋጋ ነበር፤ ኒው ጀርሲ አንድም ቀን ከብጤዋ ጋር ፊት ለፊት አልገጠመችም። የአውሮፕላን ዘመን ቀድሟት ነበርና። ታዲያ ሊገጥማት የሚችል መርከብ የሌላት መርከብ ምን ትሥራ? ወደ የብስ ትተኩስ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ በሙሉ ማለት ይቻላል ይኸው ነው።

ኮርያ እንሂድ። በሜይ 1951 ዎንሳን የተባለውን ወደብ መደብደብ ጀመረች። በጀመረች በማግስቱ ከባሕሩ ዳር የተተኮሰ ጥይት የፊተኛውን የመድፍ ቤት መታው፤ አንድ መርከበኛ ሞተ፣ ሁለት ክፉኛ ቆሰሉ። በኮርያ ጦርነት በጠላት ተኩስ የሞተባት ይህ አንድ ሰው ነው። ስሙ በመዝገብ አለ፣ በየታሪኩም ይነሳል። ተገቢ ነው፤ ሰው ነውና። ግን ዎንሳንስ? ዎንሳን በባሕር ተከባ የተደበደበችው ከፌብሩዋሪ 1951 እስከ ተኩስ ማቆሙ ቀን፣ እስከ ጁላይ 27 ቀን 1953 ድረስ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ! ስለዚህች ከተማ ከወንድሜ ጽሑፍ ያገኘነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ኢላማ»።

በዚያው በሜይ 1951 የእኛው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወርዷል። ወንድሜም ይህን አስታውሶ መርከቢቱን «ከጀግኖቻችን ጎን የቆመች» ብሏታል። አይደለም። ቃኘው በመካከለኛው ግንባር ተራሮች ላይ ነበር፤ መርከቢቱ በምሥራቁ ባሕር ላይ። ይህ ግን ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ስሕተት ሁለቱን ዓይነት ውጊያ አንድ ማድረጉ ነው። የቃኘው ወታደር ተራራ ወጥቶ ተዋግቷል። የተኮሰበትን አይቷል፣ እሱም ታይቷል፤ ወንድሙንም እዚያው አጥቷል። ይህን ሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ ምሳዋን እየበላች ከምትተኩስ መርከብ ጋር ባንድ ስንኝ ማሰር ለሟቹም ክብር አይሆንም። ጀግንነት የሚባለው ነገር ቢያንስ መታየትን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቪየትናም። መርከቢቱ በ1957 ጡረታ ወጥታ ነበር። በ1968 እንደገና ተቀሰቀሰች። ምክንያቱ የአደባባይ ነው፤ ወደ ሰሜን ቪየትናም የሚላኩት አውሮፕላኖች እየተመቱ አብራሪዎቻቸው ይሞቱና ይማረኩ ስለነበር አብራሪ የማይጠይቅ መድፍ ተፈለገ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1968 ሰሜንና ደቡብን በሚለየው በ17ኛው መስመር አጠገብ ተኩስ ከፈተች። ወር እንደሞላት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከኖቬምበር 1 ጀምሮ በሰሜኑ ላይ የሚደረገው ድብደባ፣ የመርከቡም ጭምር፣ እንዲቆም አዘዙ። የመጣችበት ምክንያት ተሰረዘ ማለት ነው። ታዲያ ወደ ቤቷ ተመለሰች? የት ተመልሳ! ፊቷን ወደ ደቡብ አዞረች። ደቡብ ማለት፣ አንባቢ ሆይ፣ አሜሪካ «ልጠብቀው መጣሁ» ያለችው አገር ነው። እስከ ማርች 1969 መጨረሻ በነበሩት አምስት ወራት ጥይቷ የወደቀው ልታድነው በመጣችው ሕዝብ መሬት ላይ ነው።

በስድስት ወር ውስጥ የተኮሰችው ይኸውና፤ ባለ 16 ኢንቹ 5,688፣ ባለ 5 ኢንቹ 14,891። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከጃፓን ባሕር ኃይል ጋር በተደረገው በዚያ ሁሉ ትግል፣ የተኮሰችው 771 ነበር ብለናል። ከሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ያውም አንዲት የጦር መርከብ በሌለችበት የገጠር ዳርቻ ላይ። ወንድሜ ይህን ቁጥር ጽፎ ቃለ አጋኖ አኑሮበታል። እኔ በዚያው ቦታ የጥያቄ ምልክት አኖራለሁ። ከነዚህ ጥይቶች አንዱ 15 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይከፍት ነበር ይባላል። የአንድ ገበሬ ጎጆ ስንት ሜትር ነው? የሩዝ ማሳው መደብስ?

ለቋንቋ ደንታ ያለን ሰዎች ነንና (ቡሌቲናችን የሥነ ጽሑፍ ነው፤ የወታደር አይደለም) ቃላቱን እንመርምር። ሰው ላይ መድፍ መተኮስ በመርከቦቹ ዘገባ «የተኩስ ድጋፍ» ይባላል። ከማረፍ በፊት ዳርቻውን መደብደብ «ማለስለስ» ይባላል። የፈረሰው ነገር ሲዘረዝር ከምሽጉ ቀጥሎ «ግንባታ» የሚል አለ፤ ይህን ያህል ግንባታ ፈረሰ፣ ይህን ያህል ግንባታ ተጎዳ። ኧረ ለመሆኑ ግንባታ ምንድን ነው? ጎተራ ነው? በረት ነው? አራስ የተኛችበት ቤት ነው? ቃሉ የተመረጠው እንዳንጠይቅ ነው። ወታደሩ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ የሥራው ጠባይ ነው፤ ሪፖርት ነው የሚጽፈው። አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ ደራሲ ነኝ ትላለህ። የደራሲ ሥራ «ግንባታ» የሚለውን ከፍቶ ውስጡን ማሳየት ነው። አንተ ግን ቃሉን እንዳለ ተቀብለህ በአማርኛ አስውበህ መልሰህ ሰጠኸን።

«አንተስ ጭፍን ነህ፤ መርከቢቱ ያዳነቻቸውን ለምን አትናገርም?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እናገራለሁ። በፌብሩዋሪ 1969 በ17ኛው መስመር አጠገብ የነበረች የጥቂት አሜሪካውያን ማሪኖች ጥበቃ ሌሊት ተከበበች። ኒው ጀርሲ ስድስት ሰዓት ያህል ስትተኩስ አድራ አዳነቻቸው። እውነት ነው፤ የነዚያን ልጆች እናቶች ደስታ አላናንቅም። ነገር ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ያን ሌሊት ያዳኑት ትንንሾቹ ባለ 5 ኢንች መድፎች ናቸው፤ እነሱን ማንኛዋም አጃቢ መርከብ ታነግታቸዋለች። የ16 ኢንቹን አስፈላጊነት በ5 ኢንቹ ሥራ ማስረዳት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ስድስቱን ሰዓት በዝርዝር ተርኮ ስድስቱን ወር ባንድ መስመር ያለፈ ሰው ሚዛኑን ራሱ አዛብቷል። ያዳነችውን ስትቆጥር በስም፣ የገደለችውን ስትቆጥር በጅምላ! ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ወንድሜ ሌላም ክርክር አለው። መድፍ ከአውሮፕላን ቦምብ ይልቅ ያነጣጥራል፣ ስለዚህ «ለሰላማዊ ሰው ይራራል» ይላል። ለዚህ መልሱ ቤይሩት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ወገን ላርም፤ ሐቅ ለወዳጅም አያዳላምና። መርከቢቱን የምንነቅፍ ሰዎች ደጋግመን የምናወራት አንዲት ነገር አለች። ኒው ጀርሲ ተራራውን ስለደበደበች ነው ኦክቶበር 23 ቀን 1983 የማሪኖቹ ሠፈር በፈንጂ የተመታው፣ 241 አሜሪካውያንም የሞቱት እንላለን። ጄኔራል ኮሊን ፓወል እንኳ በ1995 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ነገሩን በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀምጠውታል። ቀኑ ግን እምቢ ይላል። ኒው ጀርሲ ቤይሩት አጠገብ የደረሰችው በሴፕቴምበር 1983 መጨረሻ ነው፤ ትላልቆቹን መድፎቿን ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮሰችው ዲሴምበር 14 ነው። ቀደም ብለው ሴፕቴምበር 19 ቀን ሱቅ አል ጋርብ ለተባለው ተራራ ለሊባኖስ ጦር ወግነው የተኮሱት ሌሎች የአሜሪካ መርከቦች ናቸው። የጄኔራሉ ዋና ሐሳብ ግን አይወድቅም፤ አስታራቂ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው በአንዱ ወገን ላይ ሲተኩስ፣ የተተኮሰበት ወገን መርከቧን መድረስ ቢያቅተው የሚደርስበትን ይመታል። ሐሳቡ ትክክል ስለሆነ ግን ቀኑን ማሳሳት አይፈቀድልንም። እኛ ስንዋሽ ውሸታችን የነሱን ውሸት ይሸፍንላቸዋል።

አሁን ወደ ማነጣጠሩ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1984 ፕሬዚዳንት ሬገን ማሪኖቹ ከቤይሩት ወደ መርከብ እንዲመለሱ መወሰናቸውን አስታወቁ። በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን፣ ኒው ጀርሲ በድሩዝና በሶርያ ጦር ይዞታዎች ላይ 300 ያህል ባለ 16 ኢንች ጥይት ተኮሰች። ልብ በሉ፤ ሊወጡ ከወሰኑ በኋላ ነው። በየብስ ላይ ቆሞ ጥይቱ የት እንደወደቀ አይቶ የሚያርምላት ሰው አልነበረም። ባሩዱም የቆየና እንደገና የተዘጋጀ ነበር፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ከተቹት አንዱ ይኸው ነው። ብዙው ጥይት ከኢላማው እጅግ ርቆ ወደቀ። እጅግ ርቆ ማለት ምን ማለት ነው? ስምንት ኩንታል ተኩል ብረትና ፈንጂ «ተሳሳተ» ሲባል አየር ላይ አይቀርም። መንደር ባለበት ተራራ ላይ የሆነ ቦታ ያርፋል። ማሪኖቹ በዚያው ወር ተጠቃለው ወጡ። ተራራው እዚያው ቀረ።

መርከቢቱ ልክ በሰባት ዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1991፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጡረታ ወጣች። ከ2001 ጀምሮ በካምደን ከተማ፣ በደላዌር ወንዝ ላይ ከፊላደልፊያ ትይዩ፣ ሙዚየም ሆናለች። በ2024 ወደተሠራችበት ፊላደልፊያ ተወስዳ ሆዷ ታጥቦና ተቀብቶ ተመልሳለች። ጎብኚ ይጎርፍላታል፤ ሕፃናት በቡድን መጥተው በመርከበኞቹ አልጋ ላይ ያድሩባታል። ወንድሜ ጽሑፉን የዘጋው በዚህ ነው፤ «ትውልድ ታሪኩን የሚማርባት ትምህርት ቤት» ብሎ።

እኔ ደግሞ ሌላ ሙዚየም ላሳየው። ከ17ኛው መስመር በስተሰሜን፣ ባሕሩ ዳር ላይ፣ ቪን ሞክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከላይ አውሮፕላን፣ ከባሕሩ መርከብ ሲደበድባቸው መንደርተኞቹ መሬት ቆፍረው ገቡ። 60 ያህል ቤተሰብ በዋሻ ኖረ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቆፍረዋል፤ ጥልቁ ክፍል ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል። የውሃ ጉድጓድ አለው፣ ማጀት አለው፣ ማዋለጃም አለው። 17 ሕፃናት እዚያ ጨለማ ውስጥ ተወልደዋል። የዛሬው ጎብኚ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ኒው ጀርሲ ብቻዋን ናት አልልም፤ ብዙ መርከብና ብዙ አውሮፕላን ነበር። ግን የመርከብ ድብደባ ታሪክ ማለት ይህ ዋሻ ጭምር ነው። ካምደን ላይ ሕፃናት ለጨዋታ የሚያድሩበት አልጋ አለ፤ ቪን ሞክ ላይ ሕፃናት የተወለዱበት ጉድጓድ አለ። የመርከቢቱን ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ካልጻፈ ምንም አልጻፈም።

ከዚያ ወዲህም ጉዳዩ አላበቃም። በዚያው በኳንግ ትሪ ክፍለ ሀገር፣ ጦርነቱ በ1975 ካለቀ በኋላ፣ ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ በቀረ ቦምብና ጥይት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፣ አካላቸውም ጎድሏል። ማሳ ሲቆፍሩ፣ ከብት ሲያግዱ፣ ብረት ለቅመው ሲሸጡ። መድፉ ጡረታ ወጥቶ ተቀብቶ ይጎበኛል፤ ጥይቱ ገና ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልጅ ልመለስ፤ ወረቀቱን አጥፎ ወደመለሰልኝ። ከየት እንደመጣ አልናገርም፤ ከመካከላችን እንደ እሱ ያለ ጥቂት አይደለም። ሌሎቹ ከተኙ በኋላ «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። ቆየት ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «መጀመሪያ የምትሰማው ፉጨቱን ነው። ፉጨቱን ከሰማኸው አልፎሃል ማለት ነው። ካለፈህ ደግሞ የሚሄደው ጎረቤትህ ቤት ነው። ተመስገን ልትል አፍህን ትከፍታለህ፤ ከዚያ ትዘጋዋለህ።» ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተ በአራት ገጽ ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር አላገኘሃትም። ያላገኘሃት ችሎታ ስላነሰህ አይደለም፤ ከመርከቢቱ ላይ ስላልወረድክ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከመድፉ ኋላ ቆመህ ነው የጻፍከው። ከዚያ ቦታ ደግሞ የሚታየው እሳትና ጭስ ብቻ ነው። ፉከራና ሽለላ ባደግንበት አገር ብረት ማሞገስ ቀላል ነው፤ አፋችን የለመደው ነው። የጥንቱ ፎካሪ ግን ገዳይ ሲል «እከሌን ገዳይ» ብሎ የሟቹን ስም ይጠራ ነበር። ጭካኔ ነው፤ ቢሆንም ሟቹ ሰው መሆኑን አልካደም። አንተ ያሞገስካት መርከብ የማንንም ስም ልትጠራ አትችልም፤ አላየቻቸውማ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጽሑፍህን አትቅደደው። መልሰህ ጻፈው። ሜይ 1951ን ከዎንሳን ወደብ ጀምር፤ 1968ን ከአንድ የኳንግ ትሪ የሩዝ ማሳ፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1984ን ከቤይሩት በላይ ካለ መንደር። መርከቢቱ ከሩቅ አድማስ ላይ እንደ ነጥብ ትታይ፤ እነሱ ያዩዋት እንደዚያ ነበርና። 5,688 የሚለውን ቁጥር አትሰርዘው፤ ከጎኑ ግን ባዶ ቦታ ተውለት፤ እዚያ መግባት የነበረበት ሌላ ቁጥር እንዳለ አንባቢው በዓይኑ እንዲያይ። አዘጋጆቹም ሁለተኛውን ጽሑፍህን በቅርቡ እትም እንዲያወጡልህ እኔው ራሴ እጠይቃለሁ። ስቴንስሉን የሚመታ ሰው ከጠፋም እኔ እመታዋለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። የወጋው መርሳቱን አውቀናል፤ ቀለም ቀብቶ ትኬት ይቆርጥበታል። እኛ ግን የወጋንም አይደለን፣ ያን ጦር የተወጋንም አይደለን፤ ብዕር ይዘን መካከል ላይ የቆምን ሰዎች ነን። ከረሳን፣ የረሳነው ወደን ነው።